ነፋስ የሚያንገላታው ጓሮ ዳር ዳሩ ላይ ምን ይተከል? ለደብረ ብርሃንና ለሰሜን ሸዋ ደጋ ዝርዝር መመሪያ

ደብረ ብርሃን አካባቢ ጓሮ ያለው ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል። ሐምሌ ላይ የተተከለ ችግኝ መስከረም ላይ ዓይን ይስባል። ጥቅምት ሲገባ ሰማዩ ይጠራል፣ ነፋሱ ይነሣል፣ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። ጥር ላይ ሄዳችሁ ስታዩት ቆሞ የቀረው ደረቅ እንጨት ነው። በሚቀጥለው ክረምት ያው ዓይነት ችግኝ እዚያው ይተከላል። እሱም ይደርቃል።

እኔም ሁለት ዓመት እንዲህ ከስሬያለሁ። በሬሳ ወንዝ አቅራቢያ ከጎረቤቶች ጋር የተካፈልነው 10 በ20 ሜትር መሬት አለኝ። መጀመሪያ የተከልኩት አራት የአፕል ችግኝ ነበር። የተከልኩትም ነፋሱ ፊት ለፊት በሚመታው ዳር ላይ ነው። አንዱም አልተረፈ። ችግኙ ጤነኛ ነበር፤ የገደለው ቦታው ነው።

መሬት አራት ዳር አለው። አንዱ ነፋስ ይቀበላል፣ አንዱ ይሸኛል፣ ሁለቱ በጎን ያሳልፋሉ። ከአራቱ ዝቅ ያለው ላይ ደግሞ ውርጭ ይተኛል። ስለዚህ «ምን ልትከል?» ከማለታችሁ በፊት «የትኛው ዳር ላይ?» በሉ። 1ኛውንና 2ኛውን ደረጃ አትዝለሉ። ደጋግሞ የሚከስረው እነዚህን የሚዘል ሰው ነው።

ጊዜውንና ዕቃውን አስቀድሙ

ሥራው ዓመቱን ሙሉ ይከፋፈላል። ነፋሱንና ውርጩን የምታጠኑት ከኅዳር እስከ ጥር ነው። ጉድጓድ የሚቆፈረው ግንቦት ላይ ነው። ተከላው ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ መጨረሻ ነው። ነሐሴ አጋማሽ ካለፈ ተዉት፤ ሥሩ ሳይይዝ ጥቅምት ይደርስበታል።

የሚያስፈልጋችሁ ይህ ነው፦

- ሜትር ተኩል የሚረዝሙ አምስት ዱላዎች፣ አንድ አሮጌ ፌስታል፣ ገመድና ደብተር
- ዶማና አካፋ
- በደንብ የበሰበሰ ፍግ ወይም ኮምፖስት
- ሽንኩርት የሚመጣበት መረብ ከረጢት፣ የቻላችሁትን ያህል
- ጡብ የሚያካክል ድንጋይ፤ ለእያንዳንዱ ችግኝ አምስት ስድስት

ደረጃ 1፦ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ አረጋግጡ

«ነፋሱ ከምሥራቅ ነው» የሚል ሰው ብዙ ነው። የከተማው ነፋስ ከምሥራቅ ሊሆን ይችላል። የእናንተ ጓሮ ነፋስ ግን በጎረቤት ግንብ ዞሮ፣ በመንገድ ተጠብቦ ከሌላ አቅጣጫ ሊገባ ይችላል።

1. አራቱ ማዕዘን ላይና መሐል ላይ ዱላ ትከሉ።
2. በየዱላው ጫፍ አንድ ክንድ የሚያህል የፌስታል ቅዳጅ እሰሩ።
3. ለሁለት ሳምንት ጠዋት፣ እኩለ ቀንና ወደ ማታ እዩት። ቅዳጁ ወደየት እንደሚበርና ምን ያህል እንደተወጠረ ጻፉ።
4. በጣም የተወጠረውን ዱላ ምልክት አድርጉበት። ብዙ ጊዜ ከግንብ ጫፍ ወይም ከበር አጠገብ ያለው ነው። ነፋስ ክፍተት ሲያገኝ ይፈጥናል።

ሁለት ሳምንት የማትችሉ ከሆነ አካባቢውን አንብቡ። በአጥር ሥር ገለባና ፌስታል የሚከማችበትን እዩ። ብቻቸውን የቆሙ ዛፎች ወዴት እንዳዘነበሉ እዩ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ገበሬ መጠየቅ ነው። አንድ ጎረቤታችን የሆኑ አባት ዱላዎቼን አይተው «ልጄ፣ ነፋሱን ከሁላችን በላይ አውድማው ያውቀዋል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በመንሽ ሲያዘሩ ገለባው ወደየት እንደሚበር ዕድሜ ልካቸውን አይተዋል። ዱላዬ በሁለት ሳምንት የነገረኝን እሳቸው በአንድ ቃል ነገሩኝ።

ማስጠንቀቂያ፦ የክረምቱ ነፋስና የበጋው ነፋስ አንድ አይደሉም። ችግኝ የሚያደርቀው የበጋው ነው። መከታችሁን ለእሱ አቁሙ።

ደረጃ 2፦ ውርጩ የሚተኛበትን ፈልጉ

ይህን ደረጃ የሚሠራው ሰው ትንሽ ነው። ነገር ግን ግማሹ ኪሳራ እዚህ ነው ያለው።

ቀዝቃዛ አየር ከባድ ነው። ሌሊት እንደ ውሃ ወደ ታች ይፈስሳል። ቁልቁለቱ መጨረሻ ላይ ጥቅጥቅ ያለ አጥር ካገኘ እዚያው ይታቆራል። ስለዚህ ጥሩ ነው ብላችሁ ያጠራችሁት አጥር የውርጭ ግድብ ይሆናል። ነፋስን ሙሉ በሙሉ ማቆምም አይበጅም። ውርጭ የሚወርደው ሰማዩ ጠርቶ አየሩ ጸጥ ባለበት ሌሊት ነው።

1. ኅዳር ወይም ታኅሣሥ ላይ ፀሐይ ሳትወጣ ጓሮው ውስጥ ግቡ።
2. ሣሩ ነጭ የሆነበትን ቦታ ሁሉ በእንጨት ምልክት አድርጉ።
3. ፀሐይ ከወጣች በኋላ ነጩ መጨረሻ ላይ የጠፋበትን ቦታ ጻፉ።
4. ሦስት ጠዋት ድገሙት።

ምልክቶቹ ሁልጊዜ አንድ ጥግ ላይ ከተሰበሰቡ ያ የውርጭ መኝታ ነው። እዚያ የሚያብብ የፍሬ ዛፍ አይተከልም። ዝቅተኛው ዳር ላይ ደግሞ ቢያንስ አንድ ሜትር ክፍት ተዉ፤ ቅዝቃዜው የሚወጣበት በር ያስፈልገዋል።

ደረጃ 3፦ መከታውን በወረቀት ላይ ሣሉ

መከታ ማለት ግንብ ማለት አይደለም። ነፋስ ድፍን ነገር ሲያጋጥመው በላዩ ዘሎ ከኋላው እየተሽከረከረ ይወርዳል። ቆርቆሮ አጥር ሥር የተተከለ ጎመን ተቆራርጦ ያያችሁት ለዚህ ነው። ጥሩ መከታ ነፋሱን ግማሽ ያህል ያሳልፋል፣ ግማሽ ያህሉን ይሰብራል። ከሩቅ ስታዩት በቅጠሎቹ መሐል ብርሃን መታየት አለበት። የመንዝ ሰው ያለ ጭቃ የሚክበው የድንጋይ ካብ በየቀዳዳው ትንሽ ነፋስ ስለሚያሳልፍ ከቆርቆሮ ይሻላል።

መጠኑ እንዲህ ይሰላል። መከታ የቁመቱን አሥር እጥፍ ያህል ርቀት ይከልላል። ጥሩው ከለላ ግን ከሁለት እስከ አምስት እጥፍ ባለው ውስጥ ነው። 1.5 ሜትር የሆነ አጥር እስከ 15 ሜትር ድረስ ነፋሱን ያለዝበዋል፤ ከ3 እስከ 7.5 ሜትር ባለው ቦታ ደግሞ በደንብ ይጠብቃል። ነፋሱ የመሬቴን ረጅም ዳር ስለሚመታ ከኋላው ያለው ስፋት 10 ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ ሜትር ተኩል ይበቃኛል። ነፋሱ አጭሩን ዳር የሚመታባችሁ ከሆነ 20 ሜትር መከለል አለባችሁ። ያን ጊዜ አጥሩ 2 ሜትር ይድረስ።

አሁን ሣሉ፦

1. አራቱን ዳር ሣሉና «መቀበያ»፣ «መሸኛ»፣ «ጎን» ብላችሁ ጻፉባቸው። የውርጩን ጥግ አጥቁሩት።
2. መቀበያው ላይ ለሁለት መስመር ተክል 1.5 ሜትር ስፋት ተዉ። መሬት ይበላል፤ ግን የቀረውን ያድናል።
3. መከታው ከሁለቱም ጫፍ አንድ ሜትር ያህል ወደ ጎን ይታጠፍ። ነፋስ በጫፍ ዞሮ ሲገባ ይበረታል።
4. በራችሁን ወደ መሸኛው ዳር አድርጉ። የማይቻል ከሆነ ከበሩ ፊት አንድ ቁጥቋጦ ለብቻው ቁሞ ይከልል።
5. ከጎረቤት ወሰን ቢያንስ አንድ ሜትር ወደ ውስጥ ግቡ፤ ባለመሬቱንም አናግሩ። እሾሃም ተክል ወሰን ላይ ሳይነጋገሩ መትከል ጠብ ያመጣል።

ደረጃ 4፦ ለየዳሩ የሚስማማውን ምረጡ

ነፋስ ተቀባዩ ዳር፣ የውጭው መስመር

እዚህ የሚቆመው የአገሩ ተወላጅ ይሁን። ቅጠሉ ትንሽ፣ እንጨቱ ጠንካራ፣ እሾሁ ከብት የሚመልስ።

ቀጋ። የእኔ የመጀመሪያ ምርጫ ነው። በደጋችን በየገደሉና በየአጥሩ ራሱ በቅሎ ታገኙታላችሁ። ነፋሱንም ውርጩንም ለምዶታል። እርሳስ የሚያህል ውፍረት ያለው ቅርንጫፍ 30 ሳንቲሜትር አድርጋችሁ ቁረጡ። ሁለት ሦስተኛውን አፈር ውስጥ ቅበሩት። ሁሉም አይዝም፤ ስለዚህ ከምትፈልጉት እጥፍ ትከሉ። ፍሬው ቀልቶ ሲለሰልስ ይበላል። ሲበላ ግን ሰንጥቃችሁ ዘሩንና በውስጡ ያለውን ጸጉር አውጡ። ጸጉሩ ጉሮሮ ይከረክራል፤ ለልጆች አስቀድማችሁ አሳዩአቸው።

ኮሽም። ረጅም እሾህ ስላለው ፍየል አይደፍረውም። ፍሬው ኮምጠጥ ያለ ነው፤ ለማርማላታ ይሆናል። ብዙ ሰው «ኮሽሜ አድጎ ፍሬ አልሰጥ አለ» ይላል። ምክንያቱ ኮሽም ወንዴና ሴቴ ያለው መሆኑ ነው። ፍሬ የምትሰጠው ሴቴዋ ናት፤ እሷም አቅራቢያዋ ወንዴ ካላገኘች አታፈራም። ችግኝ ሳለ አይለይም። ስለዚህ ሁለት ሦስት ተክሎ መጠበቅ አይሠራም፤ ቢያንስ ስምንት ወይም አሥር ትከሉ። ከዘር የምታፈሉ ከሆነ የበሰለ ፍሬ ወስዳችሁ ሥጋውን አጥባችሁ ቶሎ ዝሩት። ዓመታት የሚወስድ ተክል ነው፤ ታገሡት።

ሁለቱን ማፈራረቅ ትችላላችሁ። ቀጋ፣ ኮሽም፣ ቀጋ፣ ኮሽም፤ በየ1 ሜትሩ።

ነፋስ ተቀባዩ ዳር፣ የውስጡ መስመር

ጌሾ። ከውጭው መስመር 75 ሳንቲሜትር ወደ ውስጥ ገብታችሁ፣ በሁለት ተክል መሐል እንዲውል አድርጋችሁ ትከሉት። ለብቻው ፊት ለፊት ካቆማችሁት ለጋው ጫፍ ይጠወልጋል። ቀጋና ኮሽም ከፊቱ ካሉለት ግን ወፍሮ ይሞላል። በቀጥታ ባይበላም ጠላና ጠጅ ያለ እሱ አይሆንም፤ ገበያም አለው። በመጀመሪያው ዓመት ቅጠሉን አትንኩት።

እንጆሪ። የዱሩን ማለቴ ነው፣ እሾሃሙን። ጌሾው መሐል ክፍተት ካለ ይሞላል። ግን ይንሰራፋል፤ በየዓመቱ ከሥሩ የሚወጣውን ካልቆረጣችሁ መደባችሁን ይወርሰዋል። ጊዜ የሌለው ሰው ይተወው።

ትሪ ሉሰርን። ለሰው አይበላም። በግ ያለው ሰው ግን ውጭው መስመር ላይ በየአራት አምስት ሜትሩ አንድ አንድ ቢያስገባ አይቆጨውም። ቶሎ ያድጋል፣ ቅጠሉ መኖ ነው፣ አበባውን ንብ ትወደዋለች። ውሃ የሚተኛበት መሬት ላይ ግን ይሞታል።

ሁለቱ ጎኖች

እዚህ ቁመት አያስፈልግም። ሥጋ መጥበሻ ጥሩ ነው፤ ነፋስም ድርቅም አይበግረውም። ጤና አዳምም ይሆናል፤ ግን መተላለፊያ ላይ አትትከሉት። ጭማቂው ቆዳ ነክቶ ፀሐይ ካገኘው ሊያቃጥል ይችላል። ሲቆረጥ እጃችሁን ሸፍኑ፤ ነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ አትጠቀመው።

ድንጋያማና ደረቅ የሆነው ጎን ላይ ጦስኝ አስቀምጡ። ጦስኝ የመንዝና የጣርማ በር ሰው የሚያውቀው የብርድ አገር ተክል ነው። መሬት ለመሬት ስለሚሄድ ነፋሱ በላዩ ያልፋል። ጥቁር አፈር ላይ ውሃ ከቆመበት ይበሰብሳል፤ ጠጠር ቀላቅላችሁ ከፍ ባለ መደብ ላይ ትከሉት።

ዝቅተኛው፣ ውርጭ የሚተኛበት ጥግ

ቁመት ያለው ነገር አታድርጉበት። ነጭ ሽንኩርትና የሐበሻ ጎመን ብርድ ይችላሉ። ድንች እዚህ በበጋ አትሞክሩ፤ አንድ ሌሊት ያጠቁረዋል።

መሸኛው ዳር

አፕል፣ ኮክና ፕሪም እዚህ ናቸው። ከመከታው ኋላ፣ ከውርጩ ጥግ ርቀው፣ ከፍ ባለው በኩል ይተከሉ። እኔ መጀመሪያ የሳትኩት ይህን ነው።

አፕል ስትገዙ አንድ ዓይነት ብቻ አትግዙ። የተለያዩ ሁለት ዓይነት ሲሆኑ ነው በደንብ የሚያፈሩት፤ ለምሳሌ አና እና ዶርሴት ጎልደን የሚባሉት እርስ በርስ ይረዳዳሉ። ነፋስ ሲበረታ ንብ ከቀፎዋ አትወጣም። ስለዚህ አበባው ከለላ ውስጥ ካልሆነ ዛፉ ቢተርፍም ፍሬ አይዝም። ኮክ ብቻውንም ያፈራል፤ ለጀማሪ የምመክረው እሱን ነው።

ወይና ደጋና ቆላ ላላችሁ

ከላይ ያለው ምርጫ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ላለችው ደብረ ብርሃንና ለመሰሏት ነው። 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ሸዋ ሮቢት ያለ ሰው ተክሉን ይቀይር፤ ቅደም ተከተሉ ያው ነው። መቀበያው ላይ በለስና አጋም፣ ቶሎ እንዲደርስ የርግብ አተር፣ ጎን ላይ ሮማን። ፓፓያና ሙዝ ሁልጊዜ መሸኛው ላይ ይሁኑ። የፓፓያ ግንድ ይሰበራል፣ የሙዝ ቅጠል ይተለተላል። አጋም ፍሬው ሳይጠቁር አይበላም።

እነዚህን የምግብ ጓሮ ዳር ላይ አትትከሉ

- ጉሎ። ቶሎ ስለሚያድግ ያጓጓል፤ ፍሬው ግን ገዳይ መርዝ ነው። ልጅ ያለበት ግቢ አይሆንም።
- ቅንጭብና ቁልቋል። ወተታቸው ዓይን ከገባ ከባድ ጉዳት ያደርሳል።
- እንዶድ። ለልብስ ማጠቢያ እንጂ ለምግብ አይደለም፤ ፍሬው መርዛማ ነው።
- ባሕር ዛፍ። መሬታችሁ ትንሽ ከሆነ ውሃውን ሁሉ ይጨርስባችኋል።

ከዱር የምታመጡትን ፍሬ የሚያውቅ ሰው ሳያረጋግጥላችሁ አትቅመሱ።

ደረጃ 5፦ ጉድጓዱን ግንቦት ላይ ቆፍሩ

1. ገመድ ወጥሩና መስመሩን አውጡ።
2. 40 በ40፣ ጥልቀቱም 40 ሳንቲሜትር ቆፍሩ።
3. የላዩን አፈር በአንድ በኩል፣ የታችኛውን በሌላ በኩል አስቀምጡ።
4. ከተከላው ሁለት ሳምንት በፊት የላዩን አፈር ከፍግ ጋር ቀላቅሉ፤ ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ ፍግ። ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል።

አፈራችሁ ጥቁር ከሆነ ቁሙ። ጥቁር አፈር ላይ የተቆፈረ ጉድጓድ ክረምት ላይ ድስት ይሆናል፤ ውሃ ይይዛል፣ ሥሩ ይታፈናል። ጉድጓዱን በባልዲ ውሃ ሙሉት። በማግሥቱ ውሃው እዚያው ካለ ጉድጓድ አይሆናችሁም። በሱ ፈንታ 30 ሳንቲሜትር ከፍ ያለ መደብ ሥሩና በላዩ ትከሉ፤ ጎንና ጎኑን ፈሰስ አውጡለት። ፈሰሱ ወደ ጎረቤት መሬት አይሂድ።

ደረጃ 6፦ ጊዜያዊ መከታ አቁሙ

ቀጋውና ኮሽሙ ራሳቸው መከታ እስኪሆኑ ድረስ እነሱንም የሚከልል ያስፈልጋል። ይህ ሳይሠራ ችግኝ ከችግኝ ጣቢያ አይምጣ።

1. ከውጭው መስመር ግማሽ ሜትር ወደ ነፋሱ በኩል ወጥታችሁ በየ1.5 ሜትሩ ካስማ ትከሉ። 50 ሳንቲሜትር ይቀበር።
2. መረብ ከረጢቱን ሰፍታችሁ ካስማው ላይ ወጥሩ። አንድ ሜትር ቁመት ይበቃል።
3. ከታች ከመሬት ጋር ክፍተት አይኑረው። ከታች የገባ ነፋስ ሥሩን ያደርቃል።

ድፍን የማዳበሪያ ከረጢት ብቻ ያላችሁ ከሆነ መዳፍ መዳፍ የሚያህል ቀዳዳ ደጋግማችሁ ቅደዱበት። ሳይቀደድ የተወጠረ ከረጢት ሸራ ነው፤ በመጀመሪያው ኃይለኛ ነፋስ ካስማውን ነቅሎ ችግኙ ላይ ይጥለዋል። ጭራሮ ያለው ሰው ጭራሮውን ፈንጠር ፈንጠር አድርጎ ቢሰካም ያው ነው።

ደረጃ 7፦ ትከሉ

ችግኝ ስትመርጡ አጭሩን ውሰዱ። 30 ሳንቲሜትር የሆነ ወፍራም ችግኝ አንድ ሜትር ከሆነ ቀጭን ይሻላል። ረጅሙ ችግኝ ጣቢያ ውስጥ ተጠጋግቶ ያደገ ነው፤ ነፋስ አያውቅም። ሰው ግን ገንዘቡ ስለሚታየው ረጅሙን ያነሣል።

1. ዝናብ ጥሎ ያደረ፣ ደመናማ ቀን ምረጡ።
2. ከመትከላችሁ አንድ ሰዓት በፊት ችግኙን አጠጡ።
3. ፕላስቲኩን ቀዳችሁ ሙሉ በሙሉ አውጡ። ከነፕላስቲኩ የተተከለ ችግኝ ሁለት ዓመት ቆሞ ሊታይ ይችላል፤ ሥር ስለሌለው ግን ነፋስ ይጥለዋል።
4. ከታች የተጠማዘዘ ሥር ካለ በስለት ቁረጡት።
5. በፕላስቲኩ ውስጥ በነበረበት ጥልቀት አቁሙት። አፕል ከሆነ የተዳቀለበት (ቅርንጫፉ ከሌላ ሥር ጋር የተጋጠመበት) እብጠት ከአፈር በላይ ይሁን።
6. አፈር መልሱና በተረከዝ ዙሪያውን እርገጡ። ቅጠሉን ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡት፤ ቅጠሉ ይበጠስ እንጂ ችግኙ አይንቀሳቀስ፤ ከተንቀሳቀሰ እንደገና እርገጡ።
7. ዝናብ ቢኖርም አንድ ጆግ ውሃ አፍስሱበት። ውሃው አፈሩን ከሥሩ ጋር ያጣብቀዋል።
8. ገለባ ጎዝጉዙበት፤ በላዩ ድንጋዮቹን አኑሩ። ድንጋይ የሌለው ጉዝጓዝ በሁለተኛው ቀን ጎረቤት ጋ ነው የምታገኙት። ድንጋዩ ቀን ያጠራቀመውን ሙቀት ማታ ይመልሳል። ግንዱን ግን አይንካ።
9. የጌሾውንና የቀጋውን ጫፍ ትንሽ ቆንጥሩ። ከታች ቅርንጫፍ ያወጣል።

ስለ ድጋፍ እንጨት። ቀጋ፣ ኮሽምና ጌሾ ድጋፍ አይፈልጉም። አፕል ይፈልጋል። ድጋፉ ግን አጭር ይሁን፤ የችግኙን አንድ ሦስተኛ ከፍታ ላይ በጨርቅ ላላ አድርጋችሁ እሰሩ። ግንድ የሚወፍረው ሲወዛወዝ ነው። እስከ አናቱ ጥርቅም ተደርጎ የታሰረ ዛፍ ሲፈታ ይጎብጣል።

ደረጃ 8፦ የመጀመሪያውን በጋ አሻግሩት

«በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚባለው ለሰው ነው፤ ችግኝም በጥቅምት የራሱን ስንቅ ይፈልጋል። ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ በሳምንት አንድ ቀን ረፋድ ላይ አጠጡ። ሥሩን እንጂ ቅጠሉን አታርጥቡ። እርጥብ አፈር ከደረቅ አፈር የበለጠ ሙቀት ይይዛል።

ማታ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋሱ ድንገት ጸጥ ካለ ውርጭ ይመጣል። አሮጌ ጆንያ በእንጨት ላይ ዘርግታችሁ ችግኙን አልብሱ። ጨርቁ ቅጠሉን አይንካ። ጠዋት ፀሐይ ስትሞቅ አንሡ።

እህል ከታጨደ በኋላ ከብት ይለቀቃል። ከኅዳር በፊት ዙሪያውን ደረቅ እሾህ አጥሩ። አንድ አህያ የሁለት ዓመት ሥራ በአንድ ከሰዓት ትጨርሳለች፤ ደርሶብኛል።

ሲበላሽ ምን ይደረግ?

ችግኙ ዘመመ፤ ግንዱ ሥር ቀዳዳ ተፈጠረ። ነፋሱ ሥሩን እያነቃነቀው ነው። ቀዳዳው አየር ያስገባል፣ ሥሩን ያደርቃል። በዚያው ቀን አፈር ሙሉበት፣ እርገጡ፣ በነፋሱ በኩል ድንጋይ ጨምሩ።

የቅጠሉ ጠርዝ በአንድ በኩል ብቻ ቡናማ ሆነ። ነፋስ ነው። ጊዜያዊ መከታው የት እንደተቀደደ ፈልጉ።

ቅጠሉ በአንድ ሌሊት ጠቆረ። ውርጭ ነው። አትቁረጡት! የተቃጠለው ጫፍ የታችኛውን ይከልላል። እስከ የካቲት መጨረሻ ጠብቁ። ከዚያ ቅርፊቱን በጥፍር ፋቅ አድርጉ፤ አረንጓዴ ከሆነ ሕያው ነው። አረንጓዴው ካለበት በላይ ያለውን ያን ጊዜ ቁረጡ።

አጥሩ መሐል ሁለት ተክል ሞተ። ክፍተቱ ከመላው ነፋስ የባሰ ነው፤ ተጠብቦ ይገባበታል። ክረምት እስኪመጣ በጭራሮ ድፈኑት፤ ሐምሌ ላይ ተተኪ ትከሉ። ለዚህ ሁልጊዜ አራት አምስት ትርፍ ችግኝ በጥላ አቆዩ።

ከአጥሩ አጠገብ ያለው ጎመን ቀጨጨ። የአጥሩ ሥር ውሃውን እየተሻማው ነው። ከውስጠኛው መስመር 60 ሳንቲሜትር ርቃችሁ አንድ ክንድ የሚጠልቅ ቦይ ቆፍሩ፣ ሥሩን ቁረጡ፣ መልሳችሁ ሙሉት። በየዓመቱ ግንቦት ላይ ድገሙ።

ጎመኑ ላይ ክሽክሽ በዛ። ነፋስ የማያገኘው ጥግ ላይ ያጋጥማል። ቅጠሉን በውሃ እጠቡ፣ የባሰበትን ቆርጣችሁ አውጡ። ከዚያ አጥሩን እዩ፤ በጣም ጥቅጥቅ ብሏል ማለት ነው። ከሦስት ቅርንጫፍ አንዱን ከሥሩ አሳሱ።

ቆርቆሮ አጥር አለኝ፤ ማንሣት አልችልም። ከቆርቆሮው 1 ሜትር ወደ ውስጥ ገብታችሁ የጌሾና የቀጋ መስመር ትከሉ። በላዩ ዘሎ የሚወርደውን ነፋስ እነሱ ይቀበሉታል። መደባችሁን ከነሱ በኋላ ጀምሩ።

አጥሩ ከሦስተኛው ዓመት ጀምሮ መቆረጥ ይፈልጋል። ጊዜው ፍሬው ከተለቀመ በኋላ፣ የበልግ ዝናብ ከመግባቱ በፊት ነው። ከላይ ጠበብ፣ ከታች ሰፋ አድርጋችሁ ቁረጡት፤ የታችኛው ቅጠል ብርሃን ካላገኘ ይራገፋል፣ ነፋሱም በእግሩ ሥር ይገባል። የተቆረጠውን የኮሽም እሾህ አትጣሉት። ኅዳር ላይ ለከብት መከላከያ ያው እሱ ነው።